የማራኪው በረንዳ ወደ መስታወት ክፍል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 27

በረንዳው በጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለ ቤት ደቡብ ፊት ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 2.40። ወለሉ ከግቢው 45 ሳንቲ ከፍ ያለ ኮንክሪት ነው። ጣሪያው ከዋናው ቤት ቆርቆሮ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ይወርድና 80 በ80 ሚሊ በሆኑ አራት የቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ቋሚዎች ላይ ያርፋል፤ ከቋሚዎቹ አልፎ 60 ሳንቲ ይወጣል። የታሰበው ደቡቡንና ምሥራቁን በመስታወት፣ ምዕራቡን በብሎኬት መዝጋት ነው። ምዕራቡን በመስታወት ማድረግ ለዓይን ያምር ነበር፤ ግን የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ጠርዝ አይከልላትም፣ ክፍሉም ከ8 ሰዓት በኋላ አያስቀምጥም።

ሜትር ከመዘርጋቱ በፊት አካፋ ተያዘ። በደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን 50 በ50 ጉድጓድ ተቆፍሮ መሠረቱ ታየ። የዋናው ቤት የድንጋይ መሠረት ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። የበረንዳው ጠርዝ ግን 40 ሳንቲ ላይ ያልቃል፤ ያረፈውም ጥቁር ዋልካ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የተወሰነው ሁሉ የተወሰነው በዚህ ጉድጓድ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤቱ ዝም ብሎ ቆሞ በረንዳው በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ምልክቱ ወለሉ ላይ አለ፦ በረንዳውና የቤቱ ግድግዳ በሚገናኙበት መስመር 4 ሚሊ ስፋት ያለው ስንጥቅ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። ደጋግሞ በሲሚንቶ ተደፍኖ ደጋግሞ መከፈቱ ከጠርዙ ላይ ይነበባል።

ክብደቱ አያሰጋም። ሦስት መደዳ ባለ 15 ብሎኬት ከነሞርታሩ በሜትር ወደ 125 ኪሎ፣ ብረቱና መስታወቱ ደግሞ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ይሆናሉ፤ የድንጋይ ጠርዙ ይሸከመዋል። የሚያሰጋው እንቅስቃሴው ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ሆነ፦ አዲሱ ሥራ በረንዳው ላይ ይቆማል፣ ከቤቱ ጋር ግን አይጋባም። ቤቱን በሚነካበት ቦታ ሁሉ መንሸራተቻ ክፍተት ይተዋል።

የቤቱን ፊት ስለሚቀይር ንድፉ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ቀርቧል። ብረት የሚገዛው ፈቃዱ ከተያዘ በኋላ ነው።

ኅዳር 1

የወለሉ ዝንባሌ በውሃ ልክ ተለካ። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ጠርዙ 4.8 ሳንቲ ይወርዳል፤ በ100 ሁለት ማለት ነው። ለክፍት በረንዳ ትክክል ነው፣ ለክፍል ግን ይበዛል፤ ጠረጴዛ ይናጋል፣ ወንበር ወደ መስታወቱ ይንሸራተታል። ሙሉ በሙሉ ማስተካከልም አያስፈልግም። የጎንደር ቤት ወለል በውሃ ይታጠባል፣ ውሃው መሄጃ ይፈልጋል። ከግድግዳው ሥር 2 ሳንቲ፣ ከጠርዙ 5 ሳንቲ ሞርታር ከፈሰሰ የሚቀረው ዝንባሌ 1.8 ሳንቲ ነው። ይበቃል። በደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን በብሎኬቱ ሥር የሚያልፍ ባለ 25 ሚሊ ፕላስቲክ ቱቦ ይቀበራል፤ አፉ ላይ ወንፊት።

ሞርታሩን ከ2 ሳንቲ በታች ማሳሳት አይገባም። እየሳሳ ሄዶ ዜሮ የሚሆን ልስን ከሥሩ ይለቃል፣ ሴራሚኩም ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ኅዳር 3 እስከ 6

ቋሚዎቹ በመዶሻ ተንኳኩ። ሦስቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። ከምሥራቅ ሁለተኛው ከታች 10 ሳንቲው ላይ ደነቆረ፤ በስክሩድራይቨር ሲወጋ ቅርፊቱ እየተገለጠ ገባ። የዝገቱ ቦታ ሁልጊዜ እዚህ ነው፤ ብረቱ ከኮንክሪቱ በሚወጣበት መስመር ላይ ውሃ ይተኛል። ቱቦላሬው ከላይ ክፍት ከሆነ ደግሞ ከውስጥም ይበላል፣ ከውጭ ቀለሙ እንደ ደህና እየታየ።

ጥገናው እንዲህ ሄደ። ከቋሚው ግራና ቀኝ በ40 ሳንቲ ርቀት ሁለት ወፍራም አጠና በቢሙ ሥር ቆመ፤ ከሥራቸው ጣውላ ተነጠፈ፣ በሽብልቅ ተወጠሩ። ውጥረቱ የሚበቃው ቢሙ ሲነሳ ሳይሆን አጠናው በእጅ ሲገፋ አልነቃነቅ ሲል ነው። ሽብልቁ ከመጠን በላይ ከተመታ የቆርቆሮው ምስማር ይለቃል። ከዚያ የታችኛው 30 ሳንቲ በግራይንደር ተቆረጠ፣ የተቀበረው ጉቶ ተፈልፍሎ ወጣ። 15 በ15፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ የሆነ ላስቲራ (ጠፍጣፋ ብረት) በአራት ባለ 12 ሚሊ ብሎን ኮንክሪቱ ላይ ታሰረ። አዲሱ ቁራጭ ከላስቲራውና ከነባሩ ቋሚ ጋር ዙሪያውን ተበየደ። ላስቲራው ከወለሉ 2 ሳንቲ ከፍ ብሎ ቆሞ ከሥሩ ድርቅ ያለ 1 ለ 2 (ሲሚንቶ ለአሸዋ) ሞርታር ተጠቅጥቋል። አጠናዎቹ ሦስት ቀን ቆይተው ተነሱ። የአራቱም ቋሚዎች አናት በላሜራ ተደፈነ።

ኅዳር 9 እስከ 16

ብሎኬት። ለደቡቡ 3.4 ካሬ፣ ለምሥራቁ በር ሲቀነስ 0.8፣ ለምዕራቡ ሙሉ ግድግዳ 5.9፤ ድምሩ 10 ካሬ ገደማ። በካሬ 12 ተኩል ተይዞ ከሚሰበረው ጋር 135 ፍሬ መጣ። ከመኪና ሲወርድ ማዕዘኑ በጣት የሚፈረፈረው ተመለሰ፤ ሲሚንቶው ያነሰ ወይም ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ነው።

ሞርታሩ 1 ለ 5። የወንዝ አሸዋው በመዳፍ ተጨብጦ ሲለቀቅ መዳፍ ላይ ጭቃ ከተወ መታጠብ አለበት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁለት በርሜል ሁልጊዜ ሞልቶ ይቆያል። በኅዳር ነፋስ የተገነባ ግድግዳ ጠዋት ጠጥቶ እኩለ ቀን ላይ ይደርቃል፤ እርጥብ ጆንያ ተደርቦበት ለሰባት ቀን ጠዋት ማታ ረጠበ።

በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ግንበኛው እንደ ልማዱ ከቤቱ ግድግዳ ጥርስ ፈልፍሎ ብሎኬቱን ሊያጋባ ነበር። እዚህ አይሆንም። በረንዳው ሲነሳ ያ ጥርስ ወይ ብሎኬቱን ይሰነጥቃል ወይ የቤቱን ልስን ይገነጥላል። በምትኩ ሁለት ባለ 40 አንግል ብረት ከወለል እስከ ጣሪያ በቤቱ ግድግዳ ላይ በፊሸር ተመቱ፤ በመካከላቸው 16 ሳንቲ ክፍት ቦይ ሆነ። የብሎኬቱ ጫፍ እዚያ ቦይ ውስጥ ቆመ፣ ከቤቱ ግድግዳ 1.5 ሳንቲ ርቆ። ነፋስ ሲገፋው አንግሉ ይይዘዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ነፃ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ስፖንጅ ገባ፣ አፉ በሲሊኮን ይዘጋል። በሌላው ጫፍ በየሦስት መደዳው በጠፍጣፋ ብረት ከማዕዘኑ ቋሚ ጋር ታስሯል፤ ሁለቱም በአንድ መሠረት ላይ ስለሆኑ አብረው ይሄዳሉ።

የፋሲል ግንብ በኖራ ነው የተገነባው። ኖራ ሲገፉት ትንሽ ይለምጣል፤ ሲሚንቶ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም፣ ወይ ይቆማል ወይ ይሰነጠቃል። ክፍተት መተው የመጣው ከዚህ ነው።

በሁለተኛው መደዳ፣ በደቡቡ ግድግዳ ሁለት ጫፍ፣ 20 በ40 የሆነ የታች አየር ማስገቢያ ተተወ። ለምን እንደሆነ የካቲት ላይ ይመጣል።

ኅዳር 19

የመስኮቱ ደፍ። ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ፣ ሁለት ባለ 8 ፌሮ፣ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ሙሉው 0.09 ሜትር ኩብ ስለሆነ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያነሰ ነው የፈጀው። ወደ ውጭ 1 ሳንቲ ያዘነብላል፣ ከግድግዳው 4 ሳንቲ ይወጣል። ከሥሩ፣ ከጠርዙ 2 ሳንቲ ገባ ብሎ፣ ፎርማው ላይ ባለ 10 ሚሊ ፌሮ ተቸንክሮ ስለተሞላ ሲፈታ ቦይ ሆኖ ቀረ። ውሃ ከደፉ ሥር ተመልሶ ግድግዳውን እንዳይልስ የሚያግደው ይህ ቦይ ነው። ልስን የሚያበላሸው ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ብቻ አይደለም፤ በጠርዝ ሥር ተጎትቶ የሚገባውም ነው።

ደፉ በየቋሚው ላይ ተቆርጧል፣ ወጥ ሆኖ 6 ሜትር አልሄደም።

ኅዳር 25 እስከ ታኅሣሥ 10

ብረት ሥራ። ስለ አሉሚኒየም ሳይታሰብ አልቀረም። አይዝግም፣ ቀለም አይፈልግም። ግን ተንሸራታቹ አሉሚኒየም የታች ሐዲድ አለው፤ በጋ ሙሉ የሚገባው አቧራ ሐዲዱን ሞልቶ ክረምት ጭቃ ይሆናል፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። በብረት ደግሞ የትኛውም በያጅ መጠገን ይችላል። ብረት ተመረጠ፦ የክፈፉ ዙሪያ 60 በ40፣ መካከሉ 40 በ40፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ። ለሦስቱ የደቡብ ክፈፎች፣ ለምሥራቁና ለበሩ ድምሩ 60 ሜትር ሆነ። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ስለሚሸጥ 10 ዘንግ ነው፤ ለብክነት ሁለት ተጨምሮ 12 ተገዛ።

አንድ የ6 ሜትር ክፈፍ ያልተሠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ከሌሊቱ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ በ6 ሜትር ላይ 2 ሚሊ ያህል ይረዝማል። ሁለተኛና ዋናው፣ አንዱ የበረንዳ ማዕዘን ብቻውን ሲነሳ ወጥ ክፈፍ ይጣመማል። ሦስት ለየብቻ የቆሙ ክፈፎች ግን እያንዳንዳቸው ቅርጻቸውን ይዘው ትንሽ ይጋደማሉ እንጂ አይጣመሙም።

በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሦስት ቦታ ተለካ፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። 189.1፣ 188.6፣ 189.4። ክፈፉ የሚሠራው በትንሹ ቁጥር ነው፣ ግራና ቀኝ 8 8 ሚሊ ተቀንሶ፦ 187። ቁመቱ ከደፍ እስከ ቢም 182፤ ክፈፉ 180፣ ከላይ 1.5 ሳንቲ ባዶ፣ ከታች 5 ሚሊ ጎማ።

ብየዳው በ2.5 ኤሌክትሮድ ነው። 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ በከፍተኛ አምፔር ወዲያው ይበሳል፤ ከ60 እስከ 75 ባለው መካከል አጭር አጭር እየነኩ መሄድ ነው። ምሽት ላይ ኃይሉ ሲወርድ አርኩ ይንተፋተፋል፣ ብየዳው ላዩ ላይ ብቻ ይቀራል። ጥሩ ሥራ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራል።

ሁለተኛው ክፈፍ ሲመጣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተለካ። የሁለቱ ልዩነት 11 ሚሊ። እስከ 3 ሚሊ ይታለፋል፣ 11 አይታለፍም፤ መስታወቱ ማዕዘኑ ላይ ብረት ይነካል፣ ብረት የነካ መስታወት ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይሰነጠቃል። መንስኤው ግልጽ ነበር፦ አንዱ ማዕዘን ሌሎቹ ሳይነጠቡ ሙሉ በሙሉ ተበይዷል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ወደ ራሱ ይስባል። መጀመሪያ አራቱም ማዕዘን በነጥብ ይያዛል፣ ይለካል፣ ከዚያ በተቃራኒ ማዕዘኖች እየተዘዋወሩ ይበየዳል። ከበያጁ «ሲሊኮን ይሸፍነዋል» የሚለው የታወቀ መልስ ተሰጠ። ሲሊኮን ክፍተት ይሸፍናል እንጂ ጠማማ አያቃናም። ሁለት ማዕዘን ተቆርጦ እንደገና ተበየደ፣ 2 ሚሊ ላይ ቆመ።

አተካከሉ ቀላል ነው፤ በያጁን ለማሳመን ግን ጊዜ ወሰደ። ክፈፉ የሚታሰረው ከደፉ ጋር ብቻ ነው፣ በሁለት ቦታ፣ በውስጥ በኩል በተበየደ ጆሮ ላይ በሚገባ ባለ 8 ሚሊ ብሎን። ብሎኑ ቱቦላሬውን ራሱን አይበሳም፤ ከተበሳ ውሃ ውስጡ ይገባል። ከላይ ቢሙ ላይ ሁለት ሁለት አጫጭር አንግል ተበይዶ ክፈፉ በመካከላቸው ይገባል፣ ሳይበየድ። ከጎን ምንም አይነካውም።

ታኅሣሥ 12

ለፀሐይ የተመረጠ ቀን ነው። በዓመቱ አጭሩ ቀን ላይ በጎንደር ፀሐይ ከፍተኛዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በደቡብ በኩል 54 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። 60 ሳንቲ የወጣ ጣሪያ በዚያን ሰዓት 83 ሳንቲ ወደ ታች ያጠላል። ክፈፉ ላይ በጠመኔ ተሠመረ፦ ሂሳቡና ጥላው በ2 ሳንቲ ውስጥ ተገናኙ። ከዚያ በታች ያለው አንድ ሜትር ያህል መስታወት ፀሐይ ያስገባል፣ ብርሃኑም ወለሉ ላይ ከመስታወቱ 50 ሳንቲ ጀምሮ እስከ 1.20 ድረስ ይተኛል። ወንበር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

በመስከረምና በመጋቢት፣ ሌሊትና ቀን እኩል ሲሆኑ፣ ፀሐይዋ 77 ዲግሪ ላይ ስለምትደርስ የጣሪያው ጥላ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ይሸፍናል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ደግሞ አናት ላይ ትቆማለች፤ በመካከሉ፣ ሰኔን ጨምሮ፣ እኩለ ቀን ላይ በስተሰሜን ናት። በአጭሩ ደቡብ የዞረ መስታወት በዚህ ከተማ ብርድ በሚሆንበት ወቅት ያሞቃል፣ ሙቀት በሚሆንበት ወቅት ይከለላል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የመስታወት ወይም የፋይበር ጣሪያ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትመጣ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ይቆያል። ብርሃን ካነሰ አንድ ቆርቆሮ ብቻ በፋይበር ይተካል፤ እስካሁን አላነሰም።

ታኅሣሥ 15 እስከ 27

የብየዳው ቅርፊት በመዶሻ ተንኳኩቶ ወደቀ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፈተገ፣ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ተወለወለ። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት እጅ፣ በተለይ ደፉን የሚነካው ፊት፤ ከተተከለ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። በታችኛው አግዳሚ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በየመስታወቱ ሁለት ባለ 6 ሚሊ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተበሳ። ቀዳዳው የሚበሳው ከቀለሙ በፊት ነው፤ በኋላ የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ እርቃኑን ስለሚቀር ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በዚሁ ሳምንት ወለሉ ተሠራ። የውስጡ ስፋት 12.8 ካሬ፣ አማካይ ውፍረት 3.5 ሳንቲ፦ 0.45 ሜትር ኩብ ሞርታር፣ በ1 ለ 4 ወደ 170 ኪሎ ሲሚንቶ። ሴራሚኩ ሸካራ ፊት ያለው፣ 14 ካሬ። ከሳሎኑ ወለል ጋር በሚገናኝበት በር ላይ ሴራሚኩ ስንጥቁን ተሻግሮ አልተነጠፈም፤ ልክ በስንጥቁ መስመር ተቆርጦ 8 ሚሊ ክፍተት በሲሊኮን ተሞላ። ተሻግሮ ቢነጠፍ በመጀመሪያው ክረምት ያ መደዳ ይሰበራል።

የኤሌክትሪክ ቱቦው ከልስኑ በፊት ገብቷል፤ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሽቦ።

ጥር 3

የመስታወት ልኬት። የሚለካው የተተከለውና የተቀባው ክፈፍ ነው፣ ንድፉ አይደለም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ወርዱ ሁለቴ፣ ቁመቱ ሁለቴ ተለክቶ ትንሹ ተጻፈ፣ ከዚያ 6 ሚሊ ተቀነሰ። የታችኞቹ 565 በ1214 ገደማ ወጡ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት ክፈፉም ላይ ያው ቁጥር በእርሳስ ተጻፈ። ባለ 5 ሚሊ ንጹሕ መስታወት፣ በጠቅላላ 12 ካሬ ገደማ። አንዱ የታች መስታወት 8.6 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ ሁለት ሰው ያስገባዋል።

የበሩ መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ነው፤ ሰው ወይም ሕፃን ተደግፎ ቢሰበር እንደ ጠጠር ይበተናል እንጂ እንደ ቢላ አይወርድም። ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ ስለዚህ ልኬቱ ከመላኩ በፊት በሌላ ሰው እጅ ተደግሟል።

ከጥር 9 እስከ 13 ሥራ የለም። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ሠራተኛ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ መስታወት የጫነ መኪናም በዚያ ሕዝብ መካከል አይሄድም።

ጥር 19 እስከ 24

መስታወት ገጠማ። ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ባለ 3 ሚሊ የጎማ ቁራጭ፣ ከጫፎቹ በሩብ ርቀት ላይ። በቀጥታ ብረት ላይ የተቀመጠ መስታወት ብረቱ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል። ማዕዘን ሥር የተቀመጠ ጎማም ጥሩ አይደለም፤ የመስታወት ደካማው ቦታ ማዕዘኑ ነው።

ሲሊኮን ላይ ትንሽ እንቆይ። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ነው። ለመስታወት ከመስታወት ደህና ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርቃኑን ያለ ብረት ያዝጋል፣ ሲሚንቶ ላይም በደንብ አይይዝም። የሚፈለገው የማይሸተው ዓይነት ነው፣ ቱቦው ላይ ለኮንክሪትና ለብረት መሆኑ የተጻፈበት። በክፈፉና በቋሚው መካከል ላለው 8 ሚሊ ክፍተት መጀመሪያ ስፖንጅ ገመድ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ 6 ሚሊ ጥልቀት ብቻ ሲሊኮን ይሞላል። ስፖንጁ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ሲሊኮን በሁለት ጎን ብቻ ሲይዝ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ከኋላም ሦስተኛ ጎን ከያዘ ግን መለጠጥ አቅቶት ይቀደዳል። በዚህ ልክ ባለ 300 ሚሊ ቱቦ 6 ሜትር ይሄዳል፤ ለክፈፎቹ ዙሪያ 6፣ ለመስታወቶቹ 8 ቱቦ ፈጀ።

ጣት በምራቅ አርሶ ማለስለስ የሁሉም ልማድ ነው። በሳሙና ውሃ የራሰ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ የተሻለ ቅርጽ ይሰጣል።

የካቲት 2 እስከ 8

የላይኞቹ መስኮቶች ስድስት ናቸው፣ ማጠፊያቸው ከላይ ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ካፊያ እየጣለም ክፍት መሆን ይችላሉ። ለእነዚህ መስታወቱ የሚቆረጠው በራሳቸው ቀጭን ክፈፍ ልክ ነው እንጂ በትልቁ ቀዳዳ ልክ አይደለም፤ ይህ ተረስቶ ሁለቱ ሰፍተው መጡና ተመልሰው ተቆረጡ።

የካቲት 6 ቀን ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ ተሰቀለ። 8 ሰዓት ላይ ሁሉም ተዘግቶ 37። የላይኞቹ ብቻ ሲከፈቱ 34፣ ከዚያ በታች አልወረደም። የታች ማስገቢያዎቹና በሩ ሲከፈቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 29፤ ውጭው 26 ነበር። ላይ ብቻ የተከፈተ ክፍል አፉ ወደ ታች እንደተደፋ ጠርሙስ ነው፤ ምትክ አየር ካልገባ ያለው በደንብ አይወጣም። ለዚያ ነው በብሎኬቱ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ የተተወው። በውስጥ በኩል የላሜራ መዝጊያ፣ በውጭ የሽቦ ወንፊት አላቸው።

ኮርኒሱ በሞራሌ ላይ ቺፕውድ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር እንዲንቀሳቀስ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ወንፊት የተመታበት መስመር ቀርቷል። ሙሉ በሙሉ ቢደፈን በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊት የቆርቆሮው ሆድ ያልበዋል፣ ጠብታውም ቺፕውዱን ያሳብጠዋል። የቆርቆሮው ሞገድ አፎች በስፖንጅ ተደፈኑ፤ ካልተደፈኑ ድንቢጥ በአንድ ሳምንት ቤት ትሠራለች።

መጋቢት 12 እስከ 20

አሸንዳና የዙሪያ ንጣፍ። ከመስታወቱ ይልቅ ክፍሉን በእግሩ የሚያቆመው ይህ ነው፤ ዋልካውን የሚያሳብጠው ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ነውና። ወደዚህ በኩል የሚፈሰው የጣሪያ ስፋት 33 ካሬ ነው። በሰዓት 100 ሚሊ የሚሆን ኃይለኛ ዝናብ ብናስብ 3,300 ሊትር፣ በሴኮንድ አንድ ሊትር ገደማ ይመጣል። 15 በ12 የታጠፈ ላሜራና ባለ 110 ቱቦ ይበቃዋል፣ ዝንባሌው በሜትር 5 ሚሊ ከሆነ። መጋጠሚያው ላይ የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ውስጥ 5 ሳንቲ ይገባል። ቱቦው ከበረንዳው ጠርዝ 3 ሜትር ርቆ ወደ ግቢው ቦይ ይለቃል።

ንጣፉ 80 ሳንቲ ስፋት፣ 7 ሳንቲ ውፍረት ኮንክሪት፣ ወደ ውጭ 3 ሳንቲ ያዘነበለ፣ በየ1.5 ሜትሩ የተቆረጠ። ከበረንዳው ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት መስመር ስፖንጅና ሲሊኮን። ሲሚንቶ በጠቅላላ፣ ከብሎኬቱ እስከዚህ፣ ባለ 50 ኪሎ 12 ከረጢት።

ግንቦት 9

የውሃ ሙከራ፣ ዝናቡ ሳይመጣ። ጎማው ከታች ይጀምራል፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ 10 ደቂቃ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የገባበት አይታወቅም። ደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ላይ፣ ደፉ ከቋሚው በሚገናኝበት፣ ጠብታ ታየ። ሲሊኮኑ በቢላ ሲነሳ እንደ ልጣጭ ወጣ፤ ከጀርባው የሲሚንቶ ብናኝ ተለጥፎበታል። አቧራ ላይ ተቀብቶ ነበር። ተፈልፍሎ፣ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ደርቆ እንደገና ተሞላ፤ ግንቦት 11 በድጋሚ ተሞክሮ አልገባም።

በዚሁ ቀን በአራት ቦታ፣ የቤቱ ግድግዳና አዲሱ ሥራ በሚገናኙበት፣ በሁለቱም በኩል አንድ መስመር በቀጭን ማርከር ተሠመረ።

ነሐሴ 4

ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ሰኔ አጋማሽ ከገባው ዝናብ። መስመሮቹ ተለኩ። በምዕራቡ ግድግዳ ቦይ ውስጥ 1 ሚሊ፣ በበሩ ክፈፍ ጎን 3 ሚሊ፤ ሁለቱም ወደ ላይ። ደቡብ ምሥራቁ ይበልጥ ተነስቷል፤ የንጣፉ አንድ መጋጠሚያ እዚያ ጋ ተከፍቶ ውሃ ያስገባ ነበር፣ ተደፈነ። ሲሊኮኑ ተለጥጧል፣ አልተቀደደም። መስታወት አልተሰነጠቀም። የበሩ ቁልፍ ምላስ ከቀዳዳው 3 ሚሊ ከፍ ብሎ አልገባም ስላለ የቀዳዳው ላሜራ በሞላላ ፋይል 4 ሚሊ ወደ ላይ ሰፋ። ጥር ላይ አፈሩ ሲደርቅ መስመሮቹ እንደገና ይለካሉ።